ቁልቁለት የሚመልሰው ብድር፦ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ኢነርጂ መላሽ ፍሬን

መኪና መንዳት የተማረ ሰው ሁሉ ፍሬን ለምን እንደሚያገለግል ያውቃል፤ መኪናን ለማዘግየትና ለማቆም ነው። ይሁን እንጂ ፍሬን ሲያዝ ያ ሁሉ እንቅስቃሴ የት ይሄዳል ብሎ የሚጠይቅ አሽከርካሪ ጥቂት ነው። ጥያቄው ለረጅም ዘመን የፊዚክስ ተማሪዎች እንጂ የአሽከርካሪዎች ጉዳይ አልነበረም። አሽከርካሪው መልሱን ቢያውቀውም ባያውቀውም የሄደውን የሚመልስበት መሣሪያ በእጁ አልነበረምና። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንደሚባለው፣ በፍሬን የባከነው ባክኖ ይቀር ነበር።

የኤሌክትሪክ መኪና ይህን ሁኔታ ለውጦታል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በባትሪ የሚሄዱ መኪናዎች በከተሞቻችን ጎዳናዎች ላይ በርክተዋል። እነዚህ መኪናዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም በሚዘገዩበት ጊዜ ከእንቅስቃሴያቸው ከፊሉን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጠው ወደ ባትሪያቸው ይመልሳሉ። ይህ ኢነርጂ መላሽ ፍሬን ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ለአጭሩ «መላሽ ፍሬን» እንለዋለን። አሽከርካሪው መላሽ ፍሬኑ ምን ያህል ይያዝ የሚለውን ራሱ መምረጥ ይችላል። በአንዳንዱ መኪና ላይ ምርጫው በማርሽ መምረጫው «ዲ» እና «ቢ» በሚሉ ፊደላት ይገለጻል። በሌላው ከመሪው ጀርባ ባሉ ሁለት ማንሻዎች ከዜሮ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይጨመራል። በሌላው ደግሞ በማሳያው ሰሌዳ ላይ «መደበኛ» ወይም «ከፍተኛ» ተብሎ ይመረጣል።

ብዙ አሽከርካሪዎች ከፍተኛው ደረጃ ብዙ ስለሚሰበስብ ሁልጊዜ እሱ ይሻላል ብለው ያምናሉ። ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም። ትክክለኛው ምርጫ እንደ መንገዱ ይለያያል፤ ከዚህም በላይ እንደ አገራችን ተራራና ሸለቆ በበዛበት ምድር ምርጫው ከቁጠባ አልፎ የደኅንነት ጉዳይ ይሆናል። ይህን ለመረዳት ከሒሳቡ መጀመር ያስፈልጋል።

የእንቅስቃሴ ሒሳብ

በመንቀሳቀስ ላይ ያለ ማንኛውም አካል የእንቅስቃሴ ኢነርጂ አለው። መጠኑም የክብደቱ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ተባዝቶ ይገኛል። ከአሽከርካሪው ጋር 1,700 ኪሎግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 60 ኪሎሜትር ሲጓዝ የተሸከመው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ 236 ኪሎጁል ያህል ነው፤ በኤሌክትሪክ ቆጣሪ ቋንቋ 66 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ይህ ሦስት ሩብ ሊትር የሚሆን ውሃን ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተነሥቶ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ እስከሚፈላበት 92 ዲግሪ ድረስ ለማድረስ ይበቃል። እንግዲህ በነዳጅ መኪና አንድ ጊዜ ከ60 ኪሎሜትር ፍጥነት ፍሬን ይዞ መቆም፣ አንድ ጀበና ውሃ አፍልቶ መንገድ ላይ እንደ መድፋት ነው። የፍሬን ሸራው ዲስኩን ሲያሽ እንቅስቃሴው ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱም ወደ አየር ይበተናል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ኢነርጂው በአራት እጥፍ መጨመሩ ነው። በሰዓት 30 ኪሎሜትር የሚሄደው ያው መኪና የሚሸከመው 16 ዋት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ቀይ መብራት ከሩቅ አይቶ ቀስ በቀስ ወደ 30 የወረደ አሽከርካሪ፣ ፍሬን ከመንካቱ በፊት ሊባክን ይችል ከነበረው ሦስት አራተኛውን በመንገዱ ላይ ተጠቅሞበታል።

ሞተር ዳይናሞ ሲሆን

እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. በተለዋዋጭ የማግኔት መስክ ውስጥ በሚገኝ የሽቦ ጥቅል ላይ የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚፈጠር አሳየ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሄንሪክ ሌንዝ ይህን የሚያሟላ ሕግ አወጣ፤ በዚህ መንገድ የተፈጠረው ኤሌክትሪክ ምንጊዜም የፈጠረውን ለውጥ የሚቃወም ነው። የመላሽ ፍሬን ምሥጢር በሙሉ በእነዚህ ሁለት ግኝቶች ውስጥ ይገኛል። የኤሌክትሪክ ሞተርና የኤሌክትሪክ ማመንጫ በመሠረቱ አንድ መሣሪያ ናቸው። ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ጎማን ያዞራል፤ ጎማው ሲያዞረው ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ኤሌክትሪክ በሚሰጥበት ጊዜ ግን በሌንዝ ሕግ መሠረት የሚያዞረውን ጎማ ወደ ኋላ ይጎትታል። አሽከርካሪው እግሩን ከፔዳሉ ሲያነሣ የሚሰማው መያዝ ይህ ነው።

በዘመናዊ መኪና ውስጥ ከባትሪው የሚወጣውን ቀጥተኛ ጅረት ወደ ተለዋዋጭ ጅረት የሚቀይር ኢንቨርተር የተባለ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል አለ። ኢንቨርተሩ በሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከር የማግኔት መስክ ይፈጥራል። መስኩ ከሞተሩ ተሽከርካሪ ክፍል ቀድሞ ሲሄድ ወደ ፊት ይስበዋል፤ ወደ ኋላ ሲቀርበት ደግሞ ይይዘዋል፣ ጅረቱም አቅጣጫውን ለውጦ ወደ ባትሪ ይገባል። ይህ ለውጥ የሚፈጸመው ከሰከንድ ጥቂት ሽራፊ ባነሰ ጊዜ ውስጥ በመሆኑ ከመጎተት ወደ መያዝ መሸጋገሩ እጅግ ለስላሳ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የኤሌክትሪክ ባቡሮች ቀደም ብለው ተጠቅመውበታል። በ1967 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለሙከራ በተሠራችው «አሚትሮን» የተባለች ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪናም ላይ ነበረ። በ1997 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበችው ቶዮታ ፕሪየስ ደግሞ በሰፊው የሚሸጡ መኪናዎች መሣሪያ አደረገችው።

ከሚመለሰው ስንቱ ይደርሳል?

ኢነርጂ ከአንድ መልክ ወደ ሌላ በተለወጠ ቁጥር ቀረጥ ይከፍላል። ከጎማው ተነሥቶ ባትሪው ውስጥ እስኪገባ ድረስ በጥርስ መዘውሮች፣ በሞተሩ ሽቦዎች፣ በኢንቨርተሩና በባትሪው ኬሚካላዊ ሂደት ውስጥ ያልፋል፤ በእያንዳንዱ ጣቢያ ጥቂት በሙቀት መልክ ይቀራል። በደህና ሁኔታ ከጎማው ከተነሣው ወደ ባትሪ የሚደርሰው አምስት ስድስተኛ ያህል ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ይህ የተጠራቀመ ኢነርጂ መኪናውን እንደገና ለማስነሣት በዚያው መንገድ ሲመለስ ሁለተኛ ቀረጥ ይከፍላል። በመጨረሻ ለእንቅስቃሴ የሚውለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይሆናል።

ከዚህ የምንረዳው ዋና ቁም ነገር የሚከተለው ነው። መላሽ ፍሬን ኢነርጂ አይፈጥርም፤ ከሚጠፋው ላይ ከፊሉን ያድናል እንጂ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ፍሬን የማያስፈልገው አነዳድ ነው፤ በዚህ ጊዜ እንቅስቃሴው ቀረጥ ሳይከፍል ሙሉ በሙሉ ለመንገድ ይውላል። መዘግየት የግድ ሲሆን መላሽ ፍሬን ይከተላል፤ ከሦስት እጅ ሁለቱን ያተርፋል። የሸራና የዲስክ ፍሬን የመጨረሻው ነው፤ ምንም አያተርፍም። ከፍተኛውን ደረጃ መርጦ ያለ ምክንያት ደጋግሞ መያዝና መልቀቅ፣ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ገንዘብ ሲያዛውሩ በየጊዜው ሲሶውን እንደ መጣል ይቆጠራል።

ደረጃው የሚለውጠው ምንድን ነው?

የደረጃ መምረጫው የሚወስነው ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ነው፤ አሽከርካሪው የፍጥነት መስጫ ፔዳሉን ሲለቅ መኪናው ምን ያህል ራሱን ይይዛል የሚለውን። ዝቅተኛው ላይ መኪናው በነፃ ይንሸራተታል፤ ከፍተኛው ላይ ግን ፍሬን የተረገጠ ያህል ይዘገያል። በአንዳንድ መኪናዎች እስከ መቆም ድረስ ይይዛል፤ ይህም በአንድ ፔዳል መንዳት የሚባለው ነው።

ብዙዎች የማያውቁት ግን በአብዛኞቹ ዘመናዊ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ውስጥ የፍሬን ፔዳሉ ራሱ ወዲያውኑ ሸራውን ወደ ዲስክ አለመጫኑን ነው። አሽከርካሪው በለስላሳ ሲረግጥ ኮምፒዩተሩ በቅድሚያ ሞተሩን እንዲይዝ ያዛል፤ የተፈለገው አያያዝ ከሞተሩ አቅም በላይ ሲሆን ብቻ ሸራው ይጨመራል። በእንዲህ ያለ መኪና «ዲ» ላይ ሆኖ ፍሬኑን በለስላሳ የሚረግጥና «ቢ» ላይ ሆኖ እግሩን የሚያነሣ አሽከርካሪ የሚያተርፉት እኩል ነው ለማለት ይቻላል፤ ልዩነታቸው በየትኛው ፔዳል መሥራታቸው ነው። የፍሬን ፔዳላቸው ከሸራው ጋር ብቻ የተያያዘ መኪናዎችም ስላሉ ግን ባለቤቱ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ቢያነብ ይጠቀማል። በእነዚህኞቹ ላይ ፔዳሉ በተነካ ቁጥር ኢነርጂ ወደ አየር ይሄዳል።

መላሽ ፍሬን አቅሙ ውስን መሆኑንም ማወቅ ያሻል። ለምሳሌ የፎልክስቫገን አይዲ. 4 መኪና በ«ቢ» ላይ ፔዳሉ ሲለቀቅ የሚይዘው ከመሬት ስበት 13 በመቶ በሆነ መጠን ነው፤ በሰከንድ ካሬ 1.27 ሜትር ያህል ማለት ነው። በዚህ አያያዝ ብቻ ከ60 ኪሎሜትር ፍጥነት ለመቆም 109 ሜትር ያስፈልጋል። በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬኑን አጥብቆ የረገጠ ሰው በ20 ሜትር ገደማ ይቆማል። በዚያች ቅጽበት ከመኪናው የሚወጣው ኃይል 200 ኪሎዋት ይጠጋል፤ ይህን ተቀብሎ ማስተናገድ ለብዙ ሞተሮችና ባትሪዎች ከአቅም በላይ ነው። የሸራና የዲስክ ፍሬን ከኤሌክትሪክ መኪና ያልቀረው ስለዚህ ነው። ልጅ ወደ መንገድ ዘልሎ ቢገባ እግርን ማንሣት ፍሬንን አይተካም።

በከተማ ውስጥ

በከተማ መንገድ ላይ ከፍ ያለ ደረጃ ይመረጣል። ምክንያቱን በቁጥር እንመልከተው። ከላይ የጠቀስነው መኪና በከተማ ውስጥ 10 ኪሎሜትር ተጉዞ በመንገዱ 20 ጊዜ ከ40 ኪሎሜትር ፍጥነት ይቆማል እንበል። ጎማው ከመንገዱ ጋር ያለውን ትግል ለማሸነፍ 460 ዋት ሰዓት ያህል፣ ለአየሩ 50 ያህል ይፈጃል። በ20ዎቹ መቆሚያዎች ላይ ፍሬን የሚወስደው ግን ከ500 ዋት ሰዓት በላይ ነው። ይኸውም ከአጠቃላዩ ግማሽ ያህሉ መሆኑ ነው። መላሽ ፍሬን ከዚህ ሁለት ሦስተኛውን ቢያድን የጉዞው ፍጆታ በሲሶ ይቀንሳል። የነዳጅ መኪና ከከተማ ይልቅ በገጠር መንገድ ሲቆጥብ፣ የኤሌክትሪክ መኪና በተቃራኒው በከተማ ቆጣቢ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቢሆንም በከፍተኛው ደረጃ የሚነዳ ሰው እግሩን በአንድ ጊዜ ከማንሣት ይልቅ ቀስ በቀስ ማላላት ይገባዋል። እንዲህ ሲሆን ተሳፋሪው አይናወጥም፤ ከኋላ ያለውም አሽከርካሪ አይደናገጥም። በብዙ አገሮች ተቀባይነት ያለው የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ፣ በመላሽ ፍሬን ብቻ የሚይዝ መኪና አያያዙ በሰከንድ ካሬ ከ1.3 ሜትር ሲበልጥ የኋላ የፍሬን መብራቱ እንዲበራ ያስገድዳል። ከዚያ በታች ባለው አያያዝ ግን መብራቱ ላይበራ ይችላል። ስለዚህ ታክሲና ሞተር ብስክሌት ተጠግተው በሚከተሉበት መንገድ ላይ የፍሬን ፔዳሉን ጥቂት ነካ ማድረግ ለኋለኛው ማስጠንቀቂያ ይሆናል።

በፈጣን መንገድ ላይ

እንደ አዲስ አበባ–አዳማ ባለ ፈጣን መንገድ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ መቆሚያ የለም፤ ከባትሪው አብዛኛውን የሚወስደው የአየር ተቃውሞ ነው። ደረጃው ከፍተኛ ላይ ከሆነ የአሽከርካሪው እግር ጥቂት ሲላላ መኪናው ይይዛል፣ መልሶ ሲረግጥ ይፈተለካል፤ በእያንዳንዱ ዙር የተጠቀሰው ቀረጥ ይከፈላል። በዝቅተኛው ደረጃ ግን እግሩን ሲያነሣ መኪናው በተሸከመው እንቅስቃሴ ይንሸራተታል። በደልዳላ መንገድ ላይ በሰዓት 100 ኪሎሜትር የሚሄደው መኪናችን ወደ 60 እስኪወርድ ከአንድ ኪሎሜትር በላይ ያለ አንዳች ፍጆታ ሊጓዝ ይችላል። የክፍያ ጣቢያው ከሩቅ በሚታይበት ጊዜ ከኋላ የሚመጣ ከሌለ ይህን መጠቀም ከመላሽ ፍሬን የበለጠ ያተርፋል።

ደረጃውን መለዋወጥ የማይፈልግ ሰው ሌላ ብልሃት አለው። በከፍተኛው ደረጃም ቢሆን የፍጥነት መስጫ ፔዳሉ መኪናው የማይጎትትበትና የማይይዝበት አንድ መካከለኛ ቦታ አለው። በማሳያው ላይ የኃይል መለኪያው ዜሮ የሚያሳይበት ነጥብ ነው። እግሩን በዚያ ነጥብ ላይ ማሳረፍ የተማረ አሽከርካሪ መንሸራተትን በእግሩ ውስጥ አግኝቶታል። ፍጥነትን በራሱ የሚጠብቀው መሣሪያ በበራበት ጊዜ ደግሞ አያያዙን የሚወስነው መኪናው ራሱ ነው።

የአባይ በረሃ ሒሳብ

መላሽ ፍሬን ሙሉ አቅሙን የሚያሳየው በረጅም ቁልቁለት ላይ ነው። ለዚህም ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ከሚወርደው መንገድ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። መንገዱ በ20 ኪሎሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 1,400 ሜትር ይወርዳል፤ በአማካይ ሰባት በመቶ ቁልቁለት ነው።

1,700 ኪሎግራም የሚመዝን መኪና ከገደሉ አፋፍ ላይ ሲቆም ከድልድዩ አንጻር 6.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል የከፍታ ኢነርጂ ተሸክሟል። ይህን ኢነርጂ ያገኘው ቀደም ሲል አቀበቱን ሲወጣ ከባትሪው ወይም ከነዳጁ ከፍሎ ነው። ተራራ መውጣት ብድር መስጠት ነው፤ ቁልቁለት ብድሩ የሚመለስበት ጊዜ ነው። በሰዓት በ40 ኪሎሜትር ሲወርድ ጎማና አየር በድምሩ 1.1 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወስዳሉ። የቀረው 5.4 ኪሎዋት ሰዓት ወይ በፍሬን ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፣ ወይ ወደ ባትሪ ይመለሳል።

በሸራና በዲስክ ብቻ ቢወረድ የሚፈጠረው ሙቀት ከ60 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ በአራት ጎማዎች ላይ ባሉ ጥቂት ኪሎግራም ብረቶች ውስጥ ማለፍ አለበት። በረጅም ቁልቁለት ላይ የፍሬን ሽታ የሚሸተውና ከመጠን በላይ የጋለ ፍሬን አልይዝ የሚለው ለዚህ ነው። በመላሽ ፍሬን ሲወረድ ግን ሞተሩ የሚያስተናግደው 11 ኪሎዋት ያህል ብቻ ነው፤ ይህ ለማንኛውም የኤሌክትሪክ መኪና ቀላል ሸክም ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድልድዩ ላይ ሲደረስ ባትሪው ከ4 ኪሎዋት ሰዓት በላይ አግኝቷል። ይህ በመደበኛ መንገድ 25 ኪሎሜትር ያህል ያስኬዳል።

ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲወጣ መኪናው 9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ወርዶ ለመውጣት ከባትሪው የሚጠፋው የተጣራ መጠን 5 ያህል ነው። ያው 40 ኪሎሜትር መንገድ ደልዳላ ቢሆን ኖሮ በዚያው ዝግተኛ ፍጥነት 3 ያህል ይፈጅ ነበር። ሸለቆውን የማቋረጥ ዋጋ እንግዲህ 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ እሱም የቀረጡ ዋጋ ነው። ገደሉን የሚፈራ የኤሌክትሪክ መኪና አሽከርካሪ ከሚገምተው እጅግ ያነሰ ነው።

በዚህ ሂደት ውስጥ ከወንዙ ጋር የሚያመሳስል ነገር አለ። የአባይ ውሃ ከደጋው የተሸከመውን ከፍታ ታችኛው ተፋሰስ ላይ በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን በተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተርባይኖች ውስጥ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። የሚወርደው መኪናም በመጠኑ አነስተኛ ይሁን እንጂ በዚያው ሕግ ይሠራል። ልዩነቱ ውሃን ወደ ደጋ የምትመልሰው ፀሐይ ስትሆን መኪናን የሚመልሰው የራሱ ባትሪ መሆኑ ነው። ሁልጊዜ የሚያተርፉ ተሽከርካሪዎች ግን አሉ። ከስዊድኗ ኪሩና የብረት ማዕድን ጭነው ወደ ኖርዌዩ ናርቪክ ወደብ የሚወርዱ የኤሌክትሪክ ባቡሮች የሚመልሱት ኤሌክትሪክ፣ ባዶ ባቡሮችን ከናርቪክ ወደ ድንበሩ መልሶ ለማውጣት ይበቃል። ሲወርዱ ከባድ፣ ሲወጡ ቀላል ስለሆኑ ነው። የቤት መኪና ግን በወረደበት ክብደት ይወጣልና ይህ ዕድል የለውም።

በቁልቁለት ላይ የሚመረጠው ደረጃ ፔዳሉ ሲለቀቅ የመኪናውን ፍጥነት ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚይዘው ነው። ደረጃው ከበዛ መኪናው ይዘገይና አሽከርካሪው ደጋግሞ ለመርገጥ ይገደዳል፤ ካነሰ ደግሞ ሸራው ሥራ ይበዛበታል። የድሮ አሽከርካሪዎች ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ማርሽ አውጥተው ቁልቁለት የሚለቁበት ልማድ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ፈጽሞ አይሠራም። መምረጫው «ኤን» ላይ ሲሆን መላሽ ፍሬኑ ይቋረጣል፤ ቁጠባውም ደኅንነቱም አብረው ይጠፋሉ።

ባትሪው ሙሉ ሲሆን

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳስበው ነጥብ ደርሰናል። በነዳጅ መኪና ረጅም ቁልቁለት የሚወርድ ልምድ ያለው አሽከርካሪ ማርሽ ቀንሶ በሞተር እየያዘ ይወርዳል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን በአብዛኛው አንድ ማርሽ ብቻ ስላለው የሚቀንሰው የለም። ማርሽ የመቀነስን ሥራ የሚሠራለት መላሽ ፍሬኑ ነው። መላሽ ፍሬን ደግሞ የሚይዘው ባትሪው መቀበል ሲችል ብቻ ነው። ሙሉ ባትሪ ሙሉ እንስራ ነው፤ ቢጨምሩበት አይቀበልም። ኮምፒዩተሩ ባትሪውን ከጉዳት ለመጠበቅ ባትሪው ሊሞላ ሲቃረብ መላሽ ፍሬኑን ያዳክመዋል፤ ሲሞላም ሊያቋርጠው ይችላል።

ይህ ማለት በደጋ ከተማ አድሮ ባትሪውን መቶ በመቶ ሞልቶ በማለዳ ወዲያው ቁልቁለት የሚጀምር ሰው፣ ፍሬኑ በእጅጉ በሚያስፈልገው ሰዓት ግማሹን ፍሬኑን ቤቱ ትቶት ወጥቷል ማለት ነው። ደጀን አድሮ ወደ ድልድዩ የሚወርድ፣ ወይም እንጦጦ ላይ ሞልቶ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርድ ሰው ሊያስብበት ይገባል። በአንዳንድ መኪናዎች አሽከርካሪው እግሩን ሲያነሣ የለመደው አያያዝ አለመኖሩን በድንገት ያገኘዋል። በሌሎች ደግሞ መኪናው የጎደለውን በሸራው ስለሚያሟላለት ምንም አይታወቀውም፤ ዲስኮቹ ግን ከታች ይግላሉ። ሁለተኛው ሁኔታ ስለማይታይ ያነሰ አደገኛ ነው ሊባል አይችልም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ የአባይ ቁልቁለት የሚመልሰውን 4 ኪሎዋት ሰዓት ለመቀበል ሰባት በመቶ ያህል ባዶ ቦታ ይበቃዋል። ስለዚህ ከቁልቁለት በፊት ባትሪውን 90 በመቶ ላይ ማቆም ደኅና መጠባበቂያ ይሰጣል። የጭነት ብዛት የሚመለሰውን ስለሚጨምር ቤተሰብና ዕቃ ሞልቶ የሚጓዝ ሰው ከዚያም ዝቅ ቢያደርግ ይመረጣል። ሙሉ ባትሪ ይዞ መውረድ የግድ ከሆነ ከአፋፉ ጀምሮ ፍጥነትን ዝቅ አድርጎ መውረድ ይገባል። ፍሬንን ያለማቋረጥ ከመጎተት ይልቅ ጠበቅ አድርጎ ይዞ ፍጥነትን መቀነስ፣ ከዚያም ለቆ ዲስኮቹ እንዲተነፍሱ ማድረግ ይሻላል። ሽታ ከተሰማ ወይም ፔዳሉ ከላላ ጥግ ይዞ ቆሞ ማቀዝቀዝ ነው። በማሳያው ላይ መላሽ ፍሬኑ መገደቡን የሚገልጽ ምልክት ስለሚታይ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት መመልከት መልካም ልማድ ነው።

ቅዝቃዜም ተመሳሳይ ውጤት አለው። የሊቲየም ባትሪ በቀዘቀዘ ጊዜ በፍጥነት ቢሞላ ሊቲየሙ በግራፋይቱ ውስጥ መግባቱን ትቶ በላዩ ላይ ስለሚለጠፍ ባትሪው ይጎዳል። ኮምፒዩተሩም ይህን ለመከላከል መላሹን ይገድበዋል። በደጋችን ማለዳ ውጤቱ መጠነኛ ሊሆን ይችላል፤ በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን በክረምት በየጠዋቱ ያገኙታል።

ዝናብና ዝገት

በክረምት መግቢያ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውንና ዘይቱን በመንገዱ ላይ ሲያላቁጠው አስፋልት እንደ ሳሙና ይሆናል። መላሽ ፍሬን የሚይዘው ሞተሩ የሚያዞራቸውን ጎማዎች ብቻ ነው። ሞተሩ ከኋላ በሆነ መኪና ላይ በከፍተኛው ደረጃ እግርን በድንገት ማንሣት የኋላውን ጎማ ሊያንሸራትት ይችላል። ኮምፒዩተሩ ይህን ሲያይ መላሹን ለቅጽበት ስለሚያቋርጥ አሽከርካሪው መኪናው የተፈተለከ ሊመስለው ይችላል። በሚያዳልጥና በጠጠር መንገድ ላይ ዝቅተኛ ደረጃ መርጦ የፍሬን ፔዳሉን መጠቀም ይመረጣል፤ እሱ አያያዙን ለአራቱም ጎማዎች ማከፋፈል ይችላልና።

በመጨረሻም ሥራ የፈታ ፍሬን ይዝጋል። አብዛኛውን መያዝ ሞተሩ ስለሚሠራው ሸራው ለረጅም ዓመታት አያልቅም፤ ዲስኩ ግን እርጥበት ሲያገኝ ዝገት ያበጃል። አንዳንድ አምራቾች ከኋላ ጎማ ዲስኩን ትተው የተሸፈነ ከበሮ ፍሬን እስከ ማድረግ ደርሰዋል፤ ከላይ የተጠቀሰው አይዲ. 4 አንዱ ነው። ባለቤቱም አልፎ አልፎ ከኋላው ማንም በሌለበት ቦታ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ በመያዝ ዲስኮቹን ቢያጸዳ፣ በአደጋ ጊዜ የሚተማመንበት ፍሬን ይኖረዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚጠቀለለው ትምህርት ጥቂት ነው። በከተማ ከፍ፣ በፈጣን መንገድ ዝቅ፣ በቁልቁለት ፍጥነትን በሚያጸና መጠን፣ በዝናብ ዝቅ አድርጎ መንዳት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ መንገድን አርቆ ማየት። ረጅም ቁልቁለት ከፊቱ ያለው አሽከርካሪ ደግሞ ባትሪውን ጥቂት አጉድሎ ይነሣ። ተራራው የተበደረውን የሚመልሰው መቀበያ ላዘጋጀለት ሰው ነውና።